የፊታውራሪ ውሃ

ሐሙስ፣ ጥር 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የሰጠኝ ቀበሌ ነው። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን ወይዘሮ ደሳለች «ማታ ማታ አንዳንድ መስመር ጻፉ፣ እጃችሁ ይፍታታ» አለችን። የኔ እጅ መቼ ታስሮ ያውቃል? ሠላሳ አንድ ዓመት የከባድ መኪና መሪ የጨበጠ እጅ ነው። ፊደሉ ግን እውነት ነው፣ ዘግይቶብኛል። ሁለት ደብተር ስጪኝ ብዬ ሁለት ተቀበልኩ። በአንደኛው ስለ ላምና ስለ ጥጃ እየጻፍኩ ለእሷ አሳያለሁ። ይህኛው የራሴ ነው፤ ማንም አያየውም።

ጉልላት እባላለሁ። ሚስቴ ወለተማርያም ኅዳር ላይ ሞታለች። ልጅ የለንም። አሁን በዚህ ቤት የምንኖረው እኔና ፊታውራሪ ነን።

ፊታውራሪ ዓሣ ነው። የሚበላ አይደለም። የአሰብ ባሕር ዓሣ ነው፤ ቁመቱ ጣት የሚያህል፣ መልኩ ብርቱካን፣ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ። በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ከአሰብ በጄሪካን ነው ያመጣሁት። በየሰዓቱ መኪናዬን ዳር አስይዤ በጎማ መንፊያ አየር እሰጠው ነበር። ያኔ ረዳቴ የነበረው ዋቅጋሪ «ለኔ እንኳ እንዲህ ቆመውልኝ አያውቁም፣ ሽንቴን ይዤ ነው ሚሌን ያለፍኩት» እያለ እስከ ዛሬ ያወራል። ስሙን ያወጣሁለት ሰው በበሩ ሲገባ እንደ ጦር መሪ ቀድሞ ወደ መስታወቱ ስለሚወጣ ነው። የመስታወት ገንዳውንና አየር የሚነፋለትን ትንሽ ሞተር የሰጠኝ እነዳለት የነበረው ጣሊያን ነው፣ ጋራዡ ተወርሶ አገሩ ሲገባ።

መጀመሪያ ሁለት ነበሩ። አንደኛውን የገደለው የቧንቧ ውሃ ነው። ውሃው ጎድሎ አንድ ባልዲ ከቧንቧ ጨመርኩበት፤ በማግስቱ ተንሳፍፎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሕግ አለው። እዚህ ገንዳ ውስጥ ከባሕር ውሃ በቀር ጠብታ አይገባም። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ዋቅጋሪ በየወሩ ሁለት ጄሪካን ከአሰብ ይጭንልኛል፤ ከአሮጌው ቀንሼ በሱ እተካለሁ። ፊታውራሪ ስምንት ዓመት በዚህ ሕግ ኖሯል። የተማረ ሰው ይምጣና ይህን ያድርግ።

ቅዳሜ፣ ጥር 5

ገንዳውን ወለወልኩ። እሷ ከሞተች ወዲህ አልተነካም ነበር። በጎኑ በኩል የሰም ጠብታ ተለጥፎ አገኘሁ፣ ጥፍር የምታህል፣ የጧፍ ሰም። ጧፍ ይዛ ስትዞር ያንጠባጠበችው ይሆናል። ሴትዮዋ ቤቱን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አድርጋው ነበር። በምላጭ ፍቄ አነሳሁት።

ውሃው ከሰሙ አራት ጣት ወርዷል። ድሮ እንዲህ አይጎድልም ነበር። ከአሰቡ ጄሪካን እስከ አፉ ሞላሁት።

ማክሰኞ፣ ጥር 8

ብርዱ እንጦጦን ለቆ እኛ ቤት ገብቷል። በገንዳው ላይ ሁለተኛ አምፖል ሰቀልኩ። ፊታውራሪ ሙቀት ይወዳል። እኔ ጋቢ አለኝ።

ሰኞ፣ ጥር 14

ውሃው እንደገና ጎደለ፤ እንደገና ሞላሁ።

ጎረቤቴ ዓሊማ ከሱቋ ክብሪት ይዛልኝ መጣች። ከወለተማርያም ጋር ሃያ ዓመት ጎረቤት ናቸው፣ እህት በላቸው። ቆማ ገንዳውን አየችና «ጋሼ ጉልላት፣ የገንዳዎ አፍ ምነው ሸበተ?» አለችኝ። እውነትም በጠርዙ ዙሪያ ነጭ ጨው ጋግሯል።

«ባሕር ነው። ባሕር ሲጠነክር እንዲህ ያደርጋል።»

«ወለተማርያም እያለች እንዲህ አልነበረም።»

«ወለተማርያም እያለች ያልነበረ ብዙ ነገር አለ።»

ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። ዓሊማ የጀመረችውን ንግግር ስትተው ሃያ ዓመት አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ዋቅጋሪ መጣ። አሁን የራሱን ተሳቢ ይነዳል፤ ሆዱም ከመሪው ጋር መጣላት ጀምሯል። አራት ጄሪካን አወረደልኝ።

«አለቃ፣ ወር ሳይሞላ አራት? ፊታውራሪ መጠጣት ጀመረ እንዴ?»

«አምፖሉ ነው የሚጠጣው።»

«እርስዎስ ይበላሉ? ጉንጭዎ ገብቷል።»

«የማን ጉንጭ ነው የምትነዳው? መንገድህን እይ።»

ሳቀ። ሲሄድ ግን በሩ ላይ ቆሞ፣ ቆብ አውልቆ፣ የወለተማርያምን ነጠላ አየው። እስካሁን ከምስማሩ ላይ አላወረድኩትም። ቦታ ስላጣሁለት ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 24

ዛሬ ከመሠረተ ትምህርት ስንወጣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። ዘወር አላልኩም። አንዷ «ሚስቱን ጠበል ከልክሎ ለዓሣ አምፖል ያበራል» አለች። ሌላዋ «እሽ፣ ይሰማሻል» አለች። ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ከሞተር ጋር ነው ያረጀው፤ ከሴት አፍ ጋር አይደለም።

እንግዲህ እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ የሚጠይቀኝ ስለሌለ። ወለተማርያም በየወሩ በሃያ አንድ እንጦጦ ማርያም ትወጣ ነበር፤ በጀርባዋ ጠበል ይዛ ትወርድ ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት አንድ ቀን ቤት ስገባ በገንዳው ላይ ቆማ ጠበል ስትጨምር ደረስኩባት። «ጠበል የነካው ነገር አይሞትም» አለችኝ። አንዱን ዓሣ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ገድሎብኝ ሳለ! ማድጋዋን ከእጇ ነጥቄ በረንዳ ላይ ከሰከስኩት። አላለቀሰችም። ከማድጋው የተረፈውን ታች በግቢ አቁማ ጤና አዳም ተከለችበት። ከዚያ ወዲህ ገንዳው አጠገብ ቆማ አይቻት አላውቅም። እንደተወችው ቆጠርኩት።

በኅዳር ደግሞ ሆዷ አብጦ ስትተኛ «እንጦጦ አውጣኝ» አለችኝ። ጉበት በውሃ አይድንም አልኳት። በትከሻዬ ተሸክሜ ሆስፒታል አስገባኋት። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተች። ልክ ነበርኩ። ሐኪሙም «ልክ ነበሩ፣ ተራራ ላይ ቢወስዷት በመንገድ ትቀርብዎ ነበር» ብሎኛል። ሁለት ጊዜ ጠይቄው ሁለት ጊዜ ብሎኛል።

በቃ። ይህን ከዚህ በኋላ አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ ጥር 26

የቀበሌው ሊቀመንበር መሸሻ መጣ። ይህ መሸሻ የጣሊያኑ ጋራዥ ዘበኛ ነበር፤ በር ሲከፍትልኝ «እርስዎ» ይለኝ ነበር። ዛሬ «አንተ» ይለኛል። አብዮት ማለት ይህ ከሆነ ገብቶኛል።

«ጓድ ጉልላት፣ ይህ ገንዳ የማን ነው?»

«ገንዳው የኔ፣ ውሃው የአሰብ፣ ዓሣው የራሱ።»

«የጣሊያኑ ነው። ስወጣ ስገባ ጋራዡ ውስጥ አይቼዋለሁ። የጣሊያኑ ንብረት ደግሞ ለሰፊው ሕዝብ ተወርሷል። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቀበሌያችን ኤግዚቢሽን ያሳያል። ሕዝቡ የባሕራችንን ሀብት ይይ ብለናል።»

«ሰፊው ሕዝብ ይምጣ። የቤቴ በር ጠባብ ነው እንጂ አልዘጋሁትም። ጫማውን ጠርጎ ይግባ።»

«ስሙ ማነው አሉ፣ የዓሣው?»

«ፊታውራሪ።»

«የፊውዳል ማዕረግ እንደተሻረ አልሰማህም?»

«እኔ ሰምቻለሁ። ለሱ አንተ ንገረው። ጎንበስ በል፣ ቅርብ ሆነህ ንገረው።»

አብሮት የመጣው ጸሐፊ ሳቁን በወረቀት ሸፈነ። መሸሻ «እንመለሳለን» ብሎ ወጣ። ይመለስ። በሩን ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት በር ላይ ቆሟል።

ሐሙስ፣ የካቲት 1

ፊታውራሪ ጎኑን ከድንጋዩ ጋር ያካክካል። ጉበት ከትፌ ብሰጠው አንዴ ጎርሶ ተፋ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 3

አልበላም። ሞላሁ። የቆየው ጄሪካን ውሃ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ከአዲሱ ጄሪካን ነው የሞላሁት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 13

ነጩ መቀነቱ ግራጫ ሆኗል። ሞተሩን ፈታሁ፤ ደህና ነው። የአየር ቱቦውን ነፋሁ፤ ደህና ነው። አምፖሎቹ ደህና ናቸው። ውሃው የአሰብ ውሃ ነው። ሁሉም ደህና ነው። መኪና ሁሉም ነገሩ ደህና ሆኖ እምቢ ሲል ሹፌሩን ነው የሚያሳብደው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 20

ሁዳዴ ትናንት ገባ። ሥጋ ቤቶቻችን ተዘጉ። ዓሊማ ከነሱ ሥጋ ቤት ጉበት ይዛ መጣች፣ በቅጠል ጠቅልላ።

«እንግዲህ ፊታውራሪ ሰለመ በሉኛ፣ ጋሼ።»

«ዓሣ ሃይማኖት የለውም።»

«ማዕረግ ያለው ሃይማኖት አያጣም» አለች። ሳልወድ ሳቅሁ። ከኅዳር ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ይሁን አላውቅም።

ከትፈን ሰጠነው። ዘወር ብሎም አላየው። ዓሊማ ጎንበስ ብላ አየችውና «ዓይኑ ዳመነ» አለች። እኔም አይቼ ነበር፤ ሰው ሲለው ግን ሌላ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 25

ረጅም ነው የምጽፈው። ተናድጃለሁ፤ ፊደሉ ከተጣመመ ለዚያ ነው።

ጠዋት ፊታውራሪን ጥግ ይዞ፣ በጎኑ ተጋድሞ አገኘሁት። ይተነፍሳል። ዓሊማን ጠራኋት፤ ሌላ ማንን ልጥራ? ገብታ አይታ በወለተማርያም በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «አደራዋን በላሁ» አለች።

«የማንን?»

«የወለተማርያምን። ጋሼ፣ ይቆጡኛል፤ ይቆጡኝ። ይህን ዓሣ ያኖረችው እሷ ናት።»

ምን እንደምትል አልገባኝም። ከዚያ ነገረችኝ። ማድጋው ከተሰበረ በኋላ ወለተማርያም ጠበሉን እኔ ቤት አላስገባችም። በዓሊማ ሱቅ ውስጥ፣ ከጋዙ በርሜል ኋላ ታስቀምጠው ነበር። እኔ ድሮ መንገድ ስሄድ፣ ከጡረታ በኋላም ጠዋት ጠዋት ከሹፌሮቹ ጋር ላወራ አዲሱ ገበያ ስወጣ እሷ አንድ ጣሳ ቀድታ ትገባለች። ውሃው ከሰሙ ምልክት ከወረደ እስከ ሰሙ ትሞላለች፤ ካልወረደ ትመለሳለች። በየቀኑ። ስድስት ዓመት።

«የሰም ምልክት?» አልኩ።

«በጎኑ ጧፍ አንጠባጥባ ለጥፋ ነበር። እሱን አይታ ነው የምትለካው።»

ሰሙን መፋቄን አልነገርኳትም።

«ለምን ደበቀችኝ? ፈርታኝ ነው?»

«እርስዎን? ወላሂ፣ ወለተማርያም ማንንም አትፈራም ነበር። ‹ከአሰብ ድረስ ያመጣው ውሃ ነው፤ በኔ ውሃ ይኖራል ብሎ ይኩራ፤ ኩራቱን ቀምቼ ምን አደርገዋለሁ› ነበር የምትለው። ሆስፒታል ልትገባ ያደረች ለት ‹ዓሊማ፣ ጣሳውን አደራ› አለችኝ። እኔ ደግሞ፣ ጠበላችሁን በኔ እጅ እንዴት ልንካው፣ ደግሞስ እርስዎ እሷ ከሞተች ወዲህ ጠዋት አይወጡም፣ በምን በኩል ልግባ? ዛሬ እነግራለሁ፣ ነገ እነግራለሁ ስል...»

ውጪ አልኳት። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ የሆነችውን ሴት ከቤቴ ውጪ አልኳት። ወጣች።

እንግዲህ ሰማችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በረሃ የቆረጥኩት እኔ፤ ውሃውን በጀርባዬ ያወረድኩት እኔ፤ ዓሣውን ያኖረው ግን የሱቅ ጀርባ ጣሳ ነው። አላምንም። ጨዋማ ያልሆነ ውሃ የባሕር ዓሣ ይገድላል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሴቶቹ ተማክረው ነው። ሙት አይመሰክርም፤ ይህን አውቀው ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 26

አላመንኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 28

ውሃው ጎደለ። ጄሪካኑን አነሳሁ። አስቀመጥኩት። እንደገና አነሳሁና ሞላሁ። ሕግ ሕግ ነው።

ዓሊማ ጉበት በልጅ ላከች። ዓሣው አይበላም ብዬ መለስኩ።

እሑድ፣ መጋቢት 2

ይተነፍሳል። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አንድ ነገር የሚለኝ ይመስላል። እሷም መጨረሻ ላይ እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ጆሮዬን ባስጠጋ ምን ትል እንደነበር... ነርሷ «እያቃዣት ነው» አለች እንጂ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ዛሬ ወይዘሮ ደሳለች ከማንበቢያው መጽሐፍ ስለ አሰብ ጨው አነበበችልን። ጨርሳ «ጋሼ ጉልላት፣ እርስዎ አሰብን ያውቃሉ አይደል? ለክፍሉ ይንገሩ» አለች። እነዚያ ሁለት ሴቶች ከፊት ተቀምጠዋል። ይስሙ ብዬ ብድግ አልኩ።

እንዲህ ብዬ ተናገርኩ። «ባሕሩን በቦይ ወደ ሜዳ ይለቁታል። ሜዳው በእርከን የተከፈለ ነው። ፀሐይ ትወርድበታለች። አሥር ቀን፣ አሥራ አምስት ቀን። ፀሐይ የምትወስደው ውሃውን ብቻ ነው፤ ጨውን አትነካም። ውሃው ባነሰ ቁጥር የቀረው ይመራል። ከዚያ ሌላ የባሕር ውሃ ይጨምሩበታል፣ ያም ጨው ይዞ ይመጣል፣ ፀሐይ ደግሞ ውሃውን ትወስዳለች። ጨው በጨው ላይ። በመጨረሻ በሚቀረው ውስጥ ዓሣ እንኳ...»

እዚያ ላይ ቆምኩ።

«ዓሣ እንኳ ምን?» አለች ወይዘሮ ደሳለች።

«ዓሣ እንኳ አይኖርበትም» አልኩና ቁጭ አልኩ። ክፍሉ አጨበጨበልኝ። እስከዛሬ አጨብጭበውልኝ አያውቁም።

ቤት ገብቼ ጣቴን በአዲሱ ጄሪካን ነከርኩና ቀመስኩ። አሰብ ነው። ከዚያ ጣቴን ገንዳው ውስጥ ነከርኩ። ምላሴን ነከሰኝ።

ሁለት አምፖል ሰቅዬ። ፀሐይ ሠርቼለት።

ይህን ሠላሳ ዓመት ሳውቀው! የመኪና ባትሪ ሲጎድል አሲድ አይጨመርበትም። የተጣራ ውሃ ነው የሚጨመረው፣ እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ። አሲዱ የትም አልሄደም፤ የሄደው ውሃው ነው። ዋቅጋሪ ረዳት ሳለ አንድ ቀን ባትሪ ላይ አሲድ ሊጨምር ደርሼበት በጥፊ ብዬዋለሁ። «ደደብ፣ ምልክቱ አይታይህም?» ብዬዋለሁ።

ምልክቱን እኔ በምላጭ ፋቅሁት።

እሷ ባትሪ ከፍታ አታውቅም። አሰብን አላየችም። ጠበል የነካው አይሞትም ብላ ነው እንጂ ይህን አስባ አይደለም። ግን ልኩን አገኘችው። ይህ ያናድደኛል። በተሳሳተ መንገድ ሄዶ ቀድሞ የደረሰ ሹፌር እንዴት እንደሚያናድድ የነዳ ያውቃል።

የቧንቧውን አልደፍርም፣ አንዱን ገድሏል። ዝናብ የለም። ስድስት ዓመት ያኖረው የታወቀ ውሃ አንድ ብቻ ነው። ነገ እወጣለሁ። ለምን እንደምወጣ ማንም አይጠይቀኝ።

አርብ፣ መጋቢት 7

ወጣሁ። እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያ በእግር። ግራ ጉልበቴ ክላች መርገጥ ከተወ አራት ዓመቱ ነው፤ ዳገት ግን አልተወውም። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ «አባባ፣ ይረፉ» ይሉኛል። ያረፍኩት ሁለት ጊዜ ነው። ሦስት ጊዜ ነው። ይህን መንገድ እሷ በየወሩ ውሃ ተሸክማ ትወርደው ነበር፤ እኔ አንድ ቀን ጄሪካን ልያዝልሽ አላልኳትም። አልጠየቀችኝም።

ጠበሉ ጋ ሰው ብዙ ነው፣ ጾም ነው። ውሃ የሚቀዳው ሽማግሌ ጄሪካኔን ተቀበለና «የክርስትና ስም?» አለኝ። ፊታውራሪ ልል ነው? አፌ ራሱ «ወለተማርያም» አለ።

«ታማ ነው?»

የጄሪካኑን ክዳን ፈታሁለት።

«እመቤቴ ትማራት» አለና ሞላልኝ።

ስወርድ ጄሪካኑን ለማንም አልሰጠሁም። ሊያግዙኝ የመጡ ነበሩ። የራሴ ጭነት ነው አልኳቸው።

አምፖሉን አንዱን አወረድኩ። ከጨዋማው አሥር ጣሳ ቀንሼ ደፋሁ። አንድ ጣሳ ጠበል ጨመርኩ። ጣሳዋን ከዓሊማ ሱቅ ነው ያመጣሁት። ዓሊማ ከበርሜሉ ኋላ አውጥታ በጨርቅ ወልውላ ሰጠችኝ። ለመውጣት ዞርኩና በሩ ላይ «ጉበቱን ላኪው» አልኳት።

«ዓሣው አይበላም ብለዋል።»

«ላኪው አልኩሽ።»

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ ጣሳ። ቀስ እያልኩ። ይተነፍሳል።

እሑድ፣ መጋቢት 9

ከጥጉ ተነሳ። ሲዋኝ ያጋድላል፣ ጭነቱ እንደተዛባ መኪና። ግን ይዋኛል።

ሰኞ፣ መጋቢት 10

ዓሊማ በበሩ ስትገባ ወደ መስታወቱ ወጣ። ቀድሞ ወጣ። ያቺ ሴት በእጇ የያዘችው ቅጠል ወደቀባት። ጉበት ሰጠነው፣ ሁለት ጉርሻ ወሰደ። «አየሽ?» አልኳት። «አየሁ» አለች። ሌላ ምን እንበል?

መሸሻ በመንገድ አገኘኝ። «ገንዳውን መቼ እንውሰድ?» አለኝ። «ፊታውራሪ ፈቃድ አልሰጠም፣ ትናንት ከሕመም ነው የተነሳ» አልኩት። ቀኑን ሙሉ እንደ ወጣት ነበርኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

በላ። መቀነቱ ነጣ ብሏል። ወይ ለኔ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13

ዛሬ ጠዋት ሞተ።

አልተንሳፈፈም። ድንጋዩ ላይ ነው ያገኘሁት። በሁለት እጄ አወጣሁት። ክብደት የለውም። ስምንት ዓመት በአምስት ጣት አልነካሁትም ነበር፤ እንዲህ ለስላሳ መሆኑን አላውቅም።

ዓሊማ «ዘገየን፣ ጋሼ» አለች። ዘገየን አለች፣ ዘገዩ አላለችም። የካቲት ሃያ አምስት ነገረችኝ፤ መጋቢት ሰባት ወጣሁ። በመካከሉ ያለውን ቀን መቁጠር እችላለሁ፤ ለዚህ መሠረተ ትምህርት አያስፈልግም።

በተሰበረው ማድጋ ውስጥ፣ ከጤና አዳሙ ሥር ቀበርኩት።

እሑድ፣ መጋቢት 16

መሸሻ ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። ወሬው ደርሶታል።

«እንግዲህ ዓሣው ሞቷል። ባዶ ገንዳ ምን ያደርግልሃል?»

«ባዶ አይደለም። ውሃ አለበት።»

«ውሃ ለማን?»

«ላስቀመጠችው።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። መሸሻ ገንዳውን በጣቱ ቆረቆረ። ከበርጩማዬ ተነሳሁ። እንግዲህ እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ አንዱ አይታጠፍም፤ ግን ተነሳሁና በገንዳውና በሱ መካከል ቆምኩ። «መሸሻ፣ ባለቤቴ ቡና ቁርስ ይዛልህ ጋራዡ በር ድረስ ስትመጣ ታስታውሳለህ? በዝናብ?» አልኩት። ወለል ወለሉን አየ። «ይህ የሷ ነው። የጣሊያኑ የነበረው መስታወቱ ነው። መስታወቱን ውሰድ ብልህ እንኳ ውሃውን በምን ትይዛለህ?»

«በል ይቅር፣ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ጋሼ አለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 20

ዋቅጋሪ መጣ፣ ሁለት ጄሪካን ይዞ። ነገርኩት። ባትሪውንም ጥፊውንም ነገርኩት። ሊስቅ ፈለገና አልሳቀም።

«ሌላ ዓሣ ላምጣልዎ፣ አለቃ? መንገድ ላይ ቆሜ እየነፋሁ አመጣዋለሁ። ሽንቴንም አልይዝም።»

«ዓሣ አታምጣ። ውሃም አታምጣ። በባዶ እጅህ ና፣ ምሳ እንብላ።»

የደሳለች ደብተር ውስጥ ስለ ላሟና ስለ ጥጃዋ አራት መስመር ጻፍኩ። «በጣም ጥሩ» ብላ በቀይ ጻፈችበት።

አርብ፣ መጋቢት 21

ቀኗ ነው፤ ወጣሁ። ያረፍኩት ሁለት ጊዜ ነው፣ የእውነት ሁለት ጊዜ። ቀጂው ሽማግሌ አወቀኝ። «ለወለተማርያም ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ተሻላት?» አለኝ። «ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አልኩት።

አንድ ጄሪካን ጠበል፣ አንድ ጧፍ ይዤ ወረድኩ።

ጧፉን ለኩሼ ሰሙን በገንዳው ጎን አንጠባጠብኩ። ሲቀዘቅዝ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ከአፉ አምስት ጣት ይሁን ስድስት ጣት በእርግጥ አላስታውስም፤ ስፍቀው አልለካሁትም። አምስት አደረግሁት። ከዚያ በሷ ጣሳ ቀድቼ እስከ ሰሙ ሞላሁ፣ ከሰሙም አላሳለፍኩም። ቀመስኩት። አሰብ ነው።

ነገ ጠዋት አያለሁ፤ ከጎደለ አንድ ጣሳ እጨምራለሁ። ምልክቱ ቦታውን ስቶ ይሆናል። ከሳተ ራሷ መጥታ ታስተካክለው።